መግሉ የት አለ?

ባለፈው ወር የልጅ ልጄን ለማስከተብ ከልጄ ከሰናይት ጋር ጤና ጣቢያ ሄጄ ነበር። ሐኪሟ ልጅ እግር ናት። ሕፃኑን መዘነችው፣ ደረቱን አዳመጠች፣ ሆዱን በሁለት ጣቷ ነካ ነካ አደረገችና ካርዱ ላይ እንዳቀረቀረች፣ «እትብቱ በስንተኛው ቀን ወደቀ?» ብላ ጠየቀች።

ሰናይት ለማስታወስ ጣሪያ ጣሪያውን ታያለች። እኔ ቀደምኳት። «በዘጠነኛው ቀን። ማክሰኞ ጠዋት፣ ስናጥበው።»

ሐኪሟ ቀና ብላ ሳቀች። «እማማ፣ መዝገብ ቤት ነበር እንዴ የሚሠሩት?»

እኔ አልሳቅኩም። ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ። ሰናይት ያለቀስኩ መስሏት ደነገጠች። ለቅሶ አልነበረም፤ ንዴት ነበር። ያቺ ልጅ ስለ ጉንፋን እንደምትጠይቅ ቀለል አድርጋ የጠየቀችኝን፣ ከአርባ ዓመት በፊት አንድ ሰው፣ አንድ ብቻ፣ ጠይቆኝ ቢሆን ኖሮ እላለሁ። ማንም አልጠየቀኝም። ጠያቂዋ እኔ ነበርኩ።

ያኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ከሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ከፍ ብሎ በሚገኝ ግቢ ውስጥ አንዲት ክፍል የቀበሌ ቤት ይዘን እኔና ባሌ ተፈራ እንኖራለን። ተፈራ ፒያሳ አንድ ኬክ ቤት ጋጋሪ ነበር። ጎህ ሲቀድ ይወጣና ረፋዱ ላይ ይመለሳል፤ ልብሱ ቅቤና ቫኒላ ይሸታል። ከተማው ውስጥ ዱቄት ሲጠፋ ደግሞ ምንም አይሸትም። እኔ የደርግን ዘመን ኑሮ የማውቀው ከሬዲዮ ሳይሆን ከባሌ ሸሚዝ ነበር። ስኳርም ሳሙናም ከቀበሌ ሱቅ በወረፋ ነው፤ ሳሙናው ሲመጣ ይመጣል፣ ሲቀር ይቀራል።

ትምህርቴ እስከ ሦስተኛ ክፍል ነው። አማርኛ አነባለሁ፣ እጽፋለሁ። እንግሊዝኛ ግን ፊደሉን ከመቁጠር አላልፍም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው በኋላ የሆነው ሁሉ ከዚህ ስለመጣ ነው።

የመጀመሪያ ልጄን ዮናስን በሰኔ ወለድኩት። ሰባት ጊዜ እልል ተባለ፣ ገንፎ ተገነፋ፣ ግቢው ሞላ። አሮጊቶቹ እትብቱን ቅቤ ቀቢው አሉኝ። እምቢ አልኩ። ቅቤ ያመረቅዘዋል ሲባል በሬዲዮ ሰምቻለሁ። እኔ ድሮም ፈሪ ነኝ፤ ፈሪ ደግሞ የተባለውን ሁሉ ያደርጋል። ውኃውን ሁለት ጊዜ አፈላለሁ፣ ሳሙና ሲጠፋ ጨርቁን በእንዶድ አጥባለሁ፣ ፀሐይ ሲጠፋ በከሰል ካውያ አደርቃለሁ። ሳልታጠብ ልጄን የነካሁበትን ቀን አላስታውስም። ጎረቤቶቼ «አስካለ ልጇን ሳይሆን ታቦት ነው የያዘችው» እያሉ ያሙኝ ነበር።

ሳምንት ሆነው፤ እትብቱ አልወደቀም። ሁለት ሳምንት ሆነው። ተፈራ ያደገበት ሰፈር አራዳ ነውና ከነገር ሁሉ ቀልድ ማውጣት ይወዳል።

«ይሄ ልጅ የውይይት ታክሲ ረዳት ነው የሚሆነው፤ 'ወራጅ የለም፣ ሳበው' ይላል» አለኝ።

ሳቅኩ። በሦስተኛው ሳምንት ዙሪያው ቀላ። በአራተኛው አሮጊቶቹ መሳቅ አቆሙ። እትብቱ የወደቀው በሠላሳ ሰባተኛው ቀን፣ ለክርስትናው ሦስት ቀን ሲቀረው ነው። ተፈራ እንደ ደንቡ በወረቀት ጠቅልሎ ግቢው ውስጥ ካለው የኮክ ዛፍ ሥር ቀበረው። እኔ ግን የቀረውን ቁስል እያየሁ ቆየሁ። ቀልቷል፤ ግን ደረቅ ነው።

ነሐሴ ላይ የሽንት ጨርቁ መርፌ ቁልፍ ጭኑን ጫረው። ቀጭን ጭረት ናት፣ ድመት ብትቧጭረው ከዚያ የባሰ ነበር የምታደርገው። በሳምንቱ ሃምሳ ሳንቲም አከለች። በአሥረኛው ቀን ጣቴን የምታስገባ ጉድጓድ ሆነች። ጠርዙ በምላጭ የተቆረጠ ይመስላል፤ መሐሉ ጠቁሯል። የግቢው ሴቶች ጨርቁን ገልጠው ሲያዩ፣ «ተመስገን፣ መግል የለውም። ምን የመሰለ ንጹህ ቁስል ነው» ይሉኛል።

ይህ ነው መጀመሪያ የከነከነኝ። እኔ ልጅ ሆኜ እግሬን ሚስማር ወግቶኝ ነበር። አበጠ፣ መግል ቋጠረ፣ ፈነዳ፣ ዳነ። እናቴ ያኔ፣ «መግል የማይዝ ቁስል ወደ ውስጥ ይበላል» ብላኝ ነበር። የልጄ ቁስል ወደ ውስጥ ይበላ ነበር። ሰው ሁሉ ደግሞ እንኳን ደስ ያለሽ ይለኛል።

ዝናቡ እየወረደ በላስቲክ ጠቅልዬ ወደምንታከምበት ክሊኒክ ወሰድኩት። አግዳሚው ሞልቶ፣ የረጠበ ጋቢ ሽታ ክፍሉን አፍኖታል። ነርሷ አርባ ዓመት የሚሆናት፣ መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች ሴት ነበረች።

«ምን ታደርጊበታለሽ? ቅቤ?»

«ኧረ ሲስተር፣ ቅቤ ነክቶት አያውቅም። እትብቱም የወደቀው በሠላሳ ሰባት...»

«ሁላችሁም እንዲህ ነው የምትሉት።» የሚቀጥለውን ሰው ካርድ እያየች ነበር። የኔን ካርድ ሳበችና በእንግሊዝኛ ሦስት ቃል ጻፈችበት። ሐምራዊውን የቁስል ቀለም ቀባችው።

እኔ ዝቅ ብዬ እጅ ነሳሁ። እግዜር ይስጥልኝ አልኩ። ካርዱ ዝናብ እንዳይነካው ደረቴ ውስጥ ከትቼ ወጣሁ። ተፈራ ሲያየው፣ «በፈረንጅኛ ነው የተጻፈለት፤ በደንብ አይተውታል ማለት ነው» አለ። ደስ አለን። ለመጣው ጎረቤት ሁሉ ካርዱን አሳየሁ። ሁለታችንም ያልገባንን ነገር ይዘን ደስ አለን። ይህን ሳስብ እስከ ዛሬ ፊቴ ይግላል።

ቁስሉ ቀለሙን ውጦ ሰፋ። ትልቁ ሆስፒታል በነጻ ለመታከም የቀበሌ ደብዳቤ ያስፈልግ ነበርና ካርዱን ይዤ ቀበሌ ሄድኩ። እትዬ ዘነበች እዚያ ነበሩ። የሴቶች ማኅበር ሊቀመንበር ናቸው፤ ቤታቸው ከእኛ አጥር ማዶ ነው። ካርዱን በኩራት ጠረጴዛው ላይ አኖርኩት። እሳቸው አንስተው ገለበጡትና ለጸሐፊው ሰጡት።

«ምን ይላል?»

ጸሐፊው እንግሊዝኛ ማወቁን ለማሳየት ድምፁን ከፍ አደረገ። «'የእናት ንጽህና ጉድለት' ይላል።»

ከኋላዬ ሃያ ሰው ተሰልፏል። ከሰልፉ መጨረሻ አንድ ወንድ ድምፅ፣ «እንግዲህ ቀበሌው ሳሙና ያመጣ ለት ይድናል» አለ። ጥቂት ሰው ሳቀ።

«ማነው እሱ?» አሉ እትዬ ዘነበች። ወደኔ ዞሩ። «አስካለ፣ ደብዳቤ ከመጻፉ በፊት ቤትሽ ይታያል። በሳምንት አንዴ፣ ሦስት ሳምንት። ነገ ሆስፒታሉ 'ቀበሌያችሁ ምን ታስተምራለች' ብሎ እንዲጠይቀን አልፈልግም።»

«እትዬ፣ ልጁ ሦስት ሳምንት የሚቆይ ቁስል አይደለም ያለበት።»

«ታዲያ ቀድመሽ ነበራ ማጠብ።»

በእሑዱ የሴቶች ስብሰባ ላይ አስነሡኝ። ስልሳ የምንሆን ሴቶች ነን። ዮናስን እንዳቀፍኩ ቆምኩ። እትዬ ዘነበች ንጽህና ለእናት ምን ማለት እንደሆነ ተናገሩ፤ ስሜን አልጠሩም፤ መጥራትም አላስፈለጋቸው፣ የቆምኩት እኔ ብቻ ነኝ። በኋላ በሕይወቴ ብዙ ተናግሬአለሁ፤ ያን ቀን ግን ዝም አልኩ። በእሳቸው ላይ ያለኝ ንዴት አንድ ነው፣ በራሴ ላይ ያለኝ ግን ሁለት ነው።

ሰኞ ጠዋት ክሊኒኩ ሳይከፈት በሩ ላይ ነበርኩ። ነርሷ ነጭ ካፖርቷን እየቆለፈች መጣች።

«ሲስተር፣ አንድ ጥያቄ አለኝ። ቆሻሻ ከሆንኩ መግሉ የት አለ?»

«ምን አልሽ?»

«የቆሸሸ ቁስል መግል ይይዛል። የልጄ ሥጋ እየተበላ ነው፣ ግን አንዲት ጠብታ መግል የለውም። ለምን?»

ቆማ አየችኝ። ዓይኗን አይቻለሁ፤ ጥያቄው ገብቷታል። ለአንድ ትንፋሽ ያህል እንደማታውቅ ታውቆአት ነበር። ከዚያ ከኋላዬ የተሰለፈውን ሕዝብ አየች።

«መግል ስለሌለው አመስግኚ።»

«እሺ፣ እሱንም ካርዱ ላይ ይጻፉልኝ። 'መግል የለውም' ብለው።»

«እኔ የምጽፈውን አንቺ አታዢኝም። ቀጣይ።»

ሰው ላለማወቁ አልቆጣም። እኔ ራሴ የማላውቀው ይበዛል። እኔን የሚያነደኝ ያን ለአንድ ትንፋሽ ያወቀችውን አለማወቅ መልሳ መዋጧ ነው። እሱን ከመጻፍ ይልቅ እኔን መጻፍ ቀለላት።

እትዬ ዘነበች በተናገሩት መሠረት ሦስቱንም ሳምንት መጡ። ድስቴን ከፈቱ፣ አልጋ ሥር አጎንብሰው አዩ፣ የልጄን ጨርቅ አንሥተው አሸተቱ። ዮናስ በነዚያ ሳምንታት ትኩሳት ያዘው፤ ጡት ይይዝና ይለቃል። በሦስተኛው ሳምንት የታጠፈውን ጨርቅ እንደያዙ ቆዩ።

«የኔም ቤት እንዲህ አይጸዳም» አሉ ቀስ ብለው።

«እንግዲያው እትዬ፣ ይህንኑ እሑድ ስብሰባው ላይ ይናገሩልኝ።»

ጨርቁን መልሰው አስቀመጡት፤ ጠርዙን ከጠርዙ አስተካክለው። «ሐኪም የጻፈውን እኔ ምን ብዬ እሽራለሁ? እኔም የበላይ አለብኝ፣ ልጄ» አሉ። ደብዳቤውን ሰጡኝ። ስብሰባው ላይ ግን አልተናገሩም። እሑድ መጣ፣ ሌላ እሑድ መጣ፤ አልተናገሩም።

ሆስፒታሉ የገባነው መስቀል ካለፈ በኋላ ነው። ሐኪሙ የውጭ ሰው ነበር፤ በአስተርጓሚ ነው የሚያነጋግረን። ደሙን አስመረመረ። ወረቀቱን ሲያይ ቅንድቡን አነሣ፣ አንዴ ደግሞ ይመርመር አለ፤ የሁለተኛውም ያው ሆነ። አስተርጓሚው፣ «ነጩ ደም በሽታ የሚዋጋው ነው። የልጅሽ ከልክ በላይ ብዙ ነው» አለኝ።

«ታዲያ ያን ያህል ብዙ ከሆነ ቁስሉ ጋ ለምን አይደርስም?»

አስተርጓሚው ፈገግ አለ። ወደ ሐኪሙ አልዞረም። «እናቴ፣ እሱ ለሐኪም የሚቀርብ ጥያቄ አይደለም» አለኝ። ሐኪሙ እኔን፣ እኔም ሐኪሙን እናያለን፤ ጥያቄው በመሐላችን አስተርጓሚው አፍ ውስጥ ቀረ። መድኃኒት ሲሰጡት ይሻለዋል፣ ሲያቆሙ ይመለሳል። ድዱ ቆሰለ። ጥር ሳይወጣ በሰባት ወሩ ሞተ።

እትዬ ዘነበች ለቅሶው ላይ ከሁሉ ቀድመው መጥተው ከሁሉ በኋላ ሄዱ። ቀኑን ሙሉ ብርጭቆ ሲያጥቡ ዋሉ። ደግ ሥራ ነው፤ አልክድም። ያን ቀን እንኳ ግን ያን አንድ ዓረፍተ ነገር አልተናገሩም፤ ከድንኳኑ ጥግ አንዲት ሴት ለሌላዋ፣ «ትንሽ ንጹህ ብትሆን ኖሮ» ስትል እሳቸውም ሰምተዋል፣ እኔም ሰምቻለሁ፣ ተፈራም ሰምቷል። ተፈራ ነቀፌታ ከአፉ ወጥቶ አያውቅም። ግን ከዚያ በኋላ ከሥራ ሲመለስ ወደ ልጅ ጨርቁ ሣጥን አይቶ ዓይኑን የሚሰብርበት አኳኋን ነበረው። ተጠራጥሮኝ እንደሆነ ጠይቄው አላውቅም። እሱም ሳይነግረኝ ከስምንት ዓመት በፊት ዐረፈ።

ከዚያ ወዲህ ያገኘሁትን ነርስ፣ አዋላጅ፣ ሐኪም ሁሉ ጠይቄአለሁ። እየወለድኩም፣ እያስከተብኩም፣ ራሴም ታምሜ። አንዱ «የድሮ ነገር ይተዉት» ይላል፤ ሌላው «ኢንፌክሽን ይሆናል» ብሎ ጀርባዬን መታ መታ ያደርጋል። ሰናይት የተወለደች ጊዜ እትብቷ እስኪወድቅ ቀን ስቆጥር እንቅልፍ አልነበረኝም፤ በስምንተኛው ቀን ወደቀና መሬት ሳምኩ።

እንግዲህ ባለፈው ወር ያቺ ልጅ እግር ሐኪም ስትስቅብኝ ይህን ሁሉ ነገርኳት። ውጭ ሰው እየጠበቀ ነው፤ ቢሆንም እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። መጨረሻ ላይ፣ «እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ከባለቤትዎ ጋር ዝምድና ነበራችሁ?» አለችኝ።

«ሰባት ቤት ተቆጥሮ ነው የተጋባነው» አልኳት ኮስተር ብዬ።

«ሳይዛመዱም ያጋጥማል። በዘር የሚተላለፍ ነው፤ ከእናትም ከአባትም ሲመጣ ይይዛል። ያላየሁት ልጅ ነው፣ በእርግጠኝነት አልናገርም። የነገሩኝ ግን የማውቀውን በሽታ ይመስላል።» ወንበሯን ወደኔ ሳበች። «ነጮቹን የደም ሴሎች እንደ ታክሲ ተሳፋሪ ያስቧቸው። በደም ሥር ውስጥ ይጓዛሉ። ቁስል ያለበት ሰፈር ሲደርሱ 'ወራጅ አለ' ብለው መውረድ አለባቸው። ለዚህ ገላቸው ላይ በጣም ጥቃቅን መያዣ አላቸው፣ እንደ እጅ። በሱ የደም ሥሩን ግድግዳ ቆንጥጠው ይቆሙና ሾልከው ይወጣሉ። አንዳንዱ ልጅ ይህ መያዣ ሳይኖረው ይወለዳል። ታክሲው ይሞላል፤ ማንም አይወርድም።»

«መግሉስ?»

«መግል ማለት እነሱው ናቸው፤ ወርደው ተዋግተው የሞቱት። ካልወረዱ መግል የለም። የእትብቱንም ጫፍ በልተው የሚያላቅቁት እነሱ ናቸው። ለዚህ ነው በስንተኛው ቀን ወደቀ ብዬ የምጠይቀው።»

ሰናይት ልጇን ጠበቅ አድርጋ አቀፈችው። ሐኪሟ አይታ፣ «ያንቺ ልጅ በዘጠነኛው ቀን ነው፣ አትስጊ» አለቻት። ከዚያ እንዲህ ያለው መያዣ ብዙ ዓይነት እንዳለ ነገረችን። ሕፃን በማኅፀን ሲሠራ የልቡ ወደ ልብ፣ የኩላሊቱ ወደ ኩላሊት የሚሰበሰበው እያንዳንዱ ቅንጣት በገላው ላይ ባለው መያዣ ጎረቤቱን ለይቶ እየያዘ ነው። ዮናስን አሰብኩት። ጣቶቹ፣ ጆሮዎቹ፣ የአገጩ ስንጥቅ ሁሉም በየቦታው ነበር። የተፈራን ቀልድም አሰብኩት። ባሌ ምንም ሳያውቅ፣ በልጁ ሁለተኛ ሳምንት ላይ፣ በሽታውን በስሙ ጠርቶት ነበር፤ ወራጅ የለም።

«ያኔ ቢያውቁትም እዚህ አገር አያድኑትም ነበር፣ እማማ» አለችኝ። ልታጽናናኝ ነው።

«ማዳኑን አይደለም ልጄ የምጠይቀው» አልኳት።

የልጅ ልጄን ካርድ አንሥታ መጻፍ ጀመረች። በእንግሊዝኛ ነው። እጄን በካርዱ ላይ ዘረጋሁ። «በአማርኛ ጻፊው።»

«ቦታው ጠባብ ነው እማማ፣ ደግሞም ሌላ ሐኪም...»

«ለሌላው ሐኪም የፈለግሽውን ጻፊለት። የእትብቱን ግን እናቱ በምታነበው ጻፊ።»

ጻፈች። እትብቱ በዘጠነኛው ቀን ወደቀ። ሁለት ጊዜ አነበብኩት።

ቤቴ ስገባ የዮናስን ካርድ ከዳዊቴ ውስጥ አወጣሁ። ያ የኮክ ዛፍ ከነግቢው ፈርሶ መንገድ ሆኗል፤ ከልጄ የቀረኝ ይህ ወረቀት ብቻ ነው። ቀለሙ ደብዝዟል፣ ሦስቱ ቃላት ግን ይታያሉ። ብዙ ጊዜ ልቀደው አስቤ አውቃለሁ። ንዴቴ የሚወጣልኝ መስሎኝ ነበር፣ መልሱን ባገኝ። አልወጣም። መልሱ ሁሉ እጄ ላይ ነበር፤ እትብቱ፣ ቁስሉ፣ ደሙ። ሦስቱንም ይዤ ነበር የቆምኩት፤ የሚጽፍልኝ ነበር የጠፋው።

መነጽሬን አደረግኩ። ከሦስቱ ቃላት ሥር ባዶ ቦታ አለ፤ ያኔ ነርሷ ጠባብ ነው አላለችም፣ ሰፊ ነው። በሦስተኛ ክፍል ጽሕፈቴ፣ ፊደሉን አንድ በአንድ እየቀረጽኩ፣ «መግል አልነበረውም። እናቱ ጠይቃ ነበር» ብዬ ጻፍኩበት።